ፎቶ ሚሞሪ ላይ አይደር

እብናት ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። በአዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ የተቀደደ የድሮ ፎቶ አስተካክላለሁ። ጥር ሲገባ ግን ሱቁን ለታናሽ እህቴ ትቼ፣ ካሜራዬን አንግቼ ሰርግ ወዳለበት ቀበሌ ሁሉ እወጣለሁ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ እኛ ፎቶ አንሺዎች እረፍት የለንም። ዛሬ ሰርግ፣ ነገ መልስ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰርግ ነው።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ይላል። ቀጥሎ ስለ አልበሙ ገጽ፣ ከዚያ ስለ ዋጋው ይነጋገራል። ፎቶዎቹ ያን ዕለት ማታ የት እንደሚያድሩ የሚጠይቅ ግን የለም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ካሜራ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ፎቶው ቢጨልም በኮምፒውተር ይስተካከላል። ሚሞሪው ላይ ያለው ሰርግ ከጠፋ ግን ሙሽሮቹን እንደገና መዳር አይቻልም። ስለዚህ በእኛ ቤት የማይጣስ ደንብ አለ፦ የተነሳ ፎቶ ሚሞሪ ላይ ብቻ ሆኖ አያድርም።

ይህን የምጽፈው ለሙያ አጋሮቼ ብቻ አይደለም። ዛሬ የልጁን ክርስትና፣ የእናቱን ተዝካር፣ የእህቱን ምርቃት በስልኩ ወይም በካሜራው የማያነሳ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ማንሳቱን ሁላችንም ተምረናል፤ ማኖሩን ግን ገና አልተማርንም።

ካርዱ ውስጥ ምን አለ?

ካሜራ ውስጥ የሚገባው ኤስዲ ካርድ ሳንዲስክ፣ ቶሺባና ዛሬ ፓናሶኒክ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 በጋራ ያወጡት ነው። ርዝመቱ 32፣ ወርዱ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ስልክ የሚቀበለው ማይክሮ ኤስዲ ደግሞ 15 በ11 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ውስጡ ፍላሽ የሚባለው የማስታወሻ ዓይነት አለ፤ እሱን የፈለሰፈው በ1980ዎቹ ቶሺባ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊ ኢንጂነር ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። የሚሽከረከር ነገር የለበትም። እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ክፍሎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ታፍኖ ይቀራል፤ ፎቶ የምንለውም የዚያ ሙል አቀማመጥ ነው። ባትሪ ቢወጣ አይጠፋም።

ያ ሙል ግን ለዘለዓለም አይቆይም። በተጻፈበትና በተደመሰሰ ቁጥር ክፍሎቹ ይደክማሉ። ካርዱ ሳይነካ ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም የታፈነው ሙል ቀስ እያለ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ «ፎቶዬ ሚሞሪው ላይ አለ» ብሎ መተኛት ልክ አይደለም። ሚሞሪ ማምጫ እንጂ ማኖሪያ አይደለም።

ሲገዙ ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ዝም ብሎ ኤስዲ የተባለው እስከ 2 ጊጋ ይይዛል፤ ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ጊጋ፣ ኤስዲኤክስሲ ደግሞ ከዚያ በላይ እስከ 2 ቴራ ይደርሳል። ቆየት ያለ ካሜራ ወይም ካርድ ሪደር 64 ጊጋውን ጨርሶ ላያነበው ይችላል። «ሚሞሪው ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ አንዳንዱ ምንም ያልሆነ ካርድ ነው፤ የሚያነበው መሣሪያ አርጅቶበት ነው። ስለዚህ ከመጣሉ በፊት በሌላ ሪደር ይሞከር።

ማታ ቤት ስገባ

ከሰርግ ስመለስ ስንት ሰዓትም ቢሆን እጄን ታጥቤ ላፕቶፑን እከፍታለሁ። መጀመሪያ ባትሪው መሙላቱን አያለሁ። እኛ ዘንድ መብራት ሳይናገር ይሄዳል፤ ኮፒ እየተደረገ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ መሀል ላይ ያለው ፋይል ተቆርጦ ይቀራል፣ አንዳንዴም የካርዱ ማውጫ ይበላሻል።

ቀጥሎ ካርዱን ከካሜራው አወጣለሁ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ በሩን አልከፍትም፤ ካሜራው ገና እየጻፈ ነው። ካርዱን ካወጣሁ በኋላ በግራ ጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ በጥፍሬ ወደ ታች እገፋታለሁ። ብዙ ሰው ይህችን ነገር አያስተውላትም። ወደ ታች ስትሆን «ይነበብ እንጂ አይጻፍበት» የሚል ምልክት ነች፤ አብዛኛው ካርድ ሪደርም ይህን ያከብራል። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ ውስጥ ቫይረስ ቢኖር እንኳ ካርዱ ላይ መጻፍ አይችልም፤ የደከመ እጅም ተሳስቶ ዲሊት አያደርግም። ማይክሮ ኤስዲ ራሱ መቆለፊያ የለውም፤ የሚገባበት አዳፕተር ግን አለው።

ከዚያ ለዚያ ካርድ ብቻ አዲስ ፎልደር እከፍታለሁ። ይህን ለምን እንደማጠብቅ ላስረዳ። ካሜራው ለፎቶዎቹ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ 9999 ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል። አንዳንዱ ካሜራ ደግሞ ካርድ በተቀየረ ቁጥር ከ0001 ይጀምራል። የሁለት ካርድ ፎቶ አንድ ፎልደር ውስጥ ከተገለበጠ ኮምፒውተሩ «ይህ ስም አለ፤ ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል። እንቅልፍ ያዳፋው ሰው «እሺ» ካለ የሙሽራዋ ቤት ፎቶ የሙሽራውን ቤት ፎቶ ይተካዋል። ለየካርዱ ፎልደር ከተከፈተ ይህ ጣጣ አይመጣም።

የፎልደሩን ስም በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን አስቀድሜ እጽፋለሁ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ቀጥሎ ቀበሌው፣ ቀጥሎ የሙሽራዋ አባት ስም። ጥር 05 ነው፣ የካቲት 06 ነው። እንዲህ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ራሱ በየተራቸው ይደረድራቸዋል። ካሜራው በየፎቶው ውስጥ ደብቆ የሚጽፈው ቀን የፈረንጆቹ ስለሆነና ሰዓቱም ከእኛ አቆጣጠር በ6 ስለሚለይ፣ በፎልደሩ ስም ላይ የራሳችንን ቀን መጻፍ ለኋላ ፍለጋ ያግዛል።

ሲገለበጥ ኮፒ እንጂ ከት አላደርግም። ከት መሀል ላይ ከተቋረጠ የተወሰነው እዚህ፣ የተወሰነው እዚያ ሆኖ ግራ ያጋባል። ኮፒው ሲያልቅ የሁለቱን ፎልደር የፋይል ብዛትና መጠን አስተያያለሁ። ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው ፎቶ እየከፈትኩ በሙሉ መጠን አያለሁ፤ ትንሿ ምስል ደህና ሆና ዋናው ፋይል ግማሹ ግራጫ የሚሆንበት ጊዜ አለና። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ሁለተኛ ቦታ፣ ማለትም ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ እገለብጣለሁ። ካርዱን ፎርማት የማደርገው ሁለት ቦታ መቀመጡን አይቼ፣ በኮምፒውተር ሳይሆን በካሜራው በራሱ ነው። ካሜራው ለራሱ በሚስማማው መንገድ ያሰናዳዋል።

ሦስት ጠላቶች

በአካባቢያችን ፎቶ በብዛት የሚያጠፉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቫይረስ ነው። ከኢንተርኔት ካፌ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከጓደኛ ላፕቶፕ በፍላሽ ይመጣል። ካርዱን ሲከፍቱት ፎልደሮቹ የሉም፤ በቦታቸው ሾርትከት ብቻ ይታያል። ሰው ይደነግጥና ፎርማት ያደርገዋል። አይደረግም! ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ፎቶዎቹን ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም። ሾርትከቱን ሳይነኩ፣ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ በአንቲቫይረስ አጽድቶ፣ በዊንዶውስ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ ማብራት፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ደግሞ ማጥፋት ነው። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው።

ሁለተኛው ሐሰተኛ ካርድ ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ይላል፤ ውስጡ ግን 8 ጊጋ ሊሆን ይችላል። ለኮምፒውተሩ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ስሙንና መጠኑን በትክክል ያሳያል። 8 ጊጋው እስኪሞላ ደህና ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፎቶ ስሙ ይመዘገባል እንጂ አይከፈትም። ይህ የሚታወቀው ሰርጉ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ ካርድ ሲገዛ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ቤት ውስጥ በማያስፈልግ ፊልም ጢም እስኪል ሞልቶ፣ መልሶ ገልብጦ፣ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ከፍቶ ማየት ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። የቀን ድካም ከዓመት ጸጸት ያድናል።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። ፎቶ አንሺ ሰርግ መሀል ሚሞሪው ሲሞላበት የቆየውን ሥራ «ይሄማ ተገልብጧል» ብሎ እዚያው ያጠፋል። ሚዜዎቹ እየጠሩት፣ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ተነስተው፣ በዚያ ግርግር ውስጥ ምን እንደተገለበጠና ምን እንዳልተገለበጠ ማን በርግጠኝነት ያስታውሳል? መፍትሔው ትርፍ ካርድ መያዝ ነው። ካርዶቼን የማስቀምጥበት ትንሽ ቦርሳ አለኝ፤ ባዶው ካርድ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሞላው ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይገባል። ጨለማም ቢሆን እጄ ያውቀዋል።

ጠፋ የተባለ ፎቶ

ቢጠፋስ? ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ። ካርዱ እንደ መጽሐፍ ማውጫ አለው፤ የትኛው ፎቶ ከየት እንደሚጀምር የሚናገር። ዲሊት ስንል የሚፋቀው ማውጫው ላይ ያለው መስመር ነው። ገጾቹ፣ ማለትም ፎቶዎቹ ራሳቸው፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ በቦታቸው አሉ። አብዛኛው የካሜራ ፎርማትም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ መጥፋቱ በታወቀባት ቅጽበት ካሜራውን ማጥፋት፣ ካርዱን ማውጣት፣ መቆለፍ። አንድም ተጨማሪ ፎቶ አይነሳበት። «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር» ተብሎ የሚነሳው ፎቶ ነው የጠፋውን የሚቀብረው። ከዚያ ፎቶሬክ ወይም ሬኩቫ በሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ይፈለጋል። ፎቶሬክ ማውጫውን ትቶ ገጾቹን አንድ በአንድ እያነበበ የፎቶ መነሻ የሚመስለውን ይሰበስባል፤ የፋይሎቹ ስም ይጠፋል እንጂ ምስሎቹ ይመለሳሉ። የተገኘው ነገር በፍጹም እዚያው ካርድ ላይ አይቀመጥም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ይህ እውቀት ሌላ ኃላፊነትም ያመጣል። የጠፋ የሚመስል ፎቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ስልኩን ወይም ሚሞሪውን የሸጠ ሰው የቤቱን ጓዳ አብሮ ሸጦ ሊሆን ይችላል። የእህቶቻችን ፎቶ ባላሰቡት እጅ የሚገባበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው። እኔ ያረጀ ካርድ አልሸጥም፤ ሰብሬ እጥላለሁ። የደንበኛን ፎቶም ባለቤቱ ሳይፈቅድ በግድግዳም በቴሌግራምም አልለጥፍም። ፎቶ መጠበቅ ከመጥፋት ብቻ ሳይሆን ከማይገባው ዓይንም ነው።

ከአንድ በላይ ቦታ

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስፋፋው ደንብ አለ፤ 3፣ 2፣ 1 ይባላል። ፎቶው ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ ይሁን። የእኔ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሦስተኛው ደብረ ታቦር ወንድሜ ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ ነው። ወደዚያ ስሄድ አዲሱን ጨምሬበት እመለሳለሁ። እሳት ወይም ሌባ ሱቄን ቢያገኘው ደብረ ታቦር ያለው ይተርፋል። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው ከሚሞሪ ይልቅ መውደቅ ይጎዳዋል፤ በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጓዘው፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አላስጭነውም።

«ለምን ኢንተርኔት ላይ አታስቀምጠውም?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ያኔ ፎቶው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ ሰው ፎቶ እያለው ማየት አልቻለም። ጉግል ፎቶስም ያለ ገደብ በነጻ ማስቀመጥን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 አቁሞ ነጻውን 15 ጊጋ ላይ ወስኗል። በቴሌግራም ለሚልኩ አንድ ምክር አለኝ፤ ፎቶው እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀነሳል፣ ለስልክ እንጂ ለትልቅ ኅትመት አይሆንም። እንደ ፋይል ከተላከ ግን ሳይነካ ይደርሳል።

ቅጂን በተለያየ ቦታ የማኖር ጥበብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎችን በፊልም አንስቷል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኘው ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያ ሆነው ለዓመታት አጥንተው የብራናዎቹን ዝርዝር አዘጋጁ። በብራና ዘመን የነበሩት አባቶቻችን ቅጂ በእጅ ጽፈው ከደብር ደብር ያሻገሩትም ለዚሁ ነበር።

የከተማው መዝገብ

አንድ ቀን ከገጠር አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። «ልጄ፣ የሰውዬው ፎቶ የለኝም። መታወቂያውም አብሮት ተቀበረ» አሉኝ። «እሳቸው የት ሰርግ ላይ ነበሩ እማማ?» አልኳቸው። ሟቹ በእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ መርቀው እንደነበር ነገሩኝ። ዓመቱንና ቀበሌውን ስይዝ ፎልደሩ ወዲያው ወጣ። ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው በቆሙበት ፎቶ ላይ፣ ከኋላ፣ ጭራ የያዙ ሰው በሌላው ትከሻ ግማሽ ተጋርደዋል። አጎላሁት። እናትየዋ ስክሪኑን በጣታቸው ነክተው «እሱ ነው» አሉ። ፊታቸውን ከሰው መሀል አውጥቼ፣ ጀርባውን አጽድቼ፣ ትልቅ አድርጌ አተምኩላቸው። ያን ፎቶ ሳነሳ ሰውየውን አላየኋቸውም ነበር፤ ያነሳሁት ሙሽራዋን ነው። ሽማግሌውን ያቆያቸው በሙሉ መጠኑ መቀመጡና ቅጂ መኖሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የማየው በሌላ ዓይን ነው። በእኛ አገር የብዙ ሰው ፊት የሚገኘው በሌላ ሰው ሰርግ ፎቶ ውስጥ ነው። የትንሽ ከተማ ፎቶ ቤት ሳያውቀው የሕዝቡ መዝገብ ቤት ሆኗል።

መዝገብ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ከዚሁ ከአካባቢያችን ማየት ይቻላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው፣ በአጠገቧ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተው ሲኖሩ አውሮፓውያን በዙሪያቸው ነበሩ። የእሳቸው ፎቶ ግን አይታወቅም፤ ያለን በእጅ የተሣለ ምስል ነው። የልጃቸውን የልዑል ዓለማየሁን ፊት ግን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር የእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ የመጡት መሐንዲሶች የካሜራ ክፍል ነበራቸው፤ ልዑሉ እንግሊዝ ከተወሰደ በኋላም ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንን የመሰሉ ፎቶ አንሺዎች አንስተውታል። ፎቶዎቹ በበርካታ ቅጂ ታትመው በተለያዩ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ስለተቀመጡ እስከዛሬ አሉ።

የእብናትም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እብናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የተጠለለባት ሰፊ የእርዳታ ጣቢያ ነበረች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ወታደሮች ሕዝቡን በግድ አስወጥተው መጠለያውን አቃጠሉት፤ ወሬው በዓለም ተሰማ። በዚያን ዘመን ካሜራ የያዘው ባብዛኛው ከውጭ የመጣ ሰው ነበር። የእኛን ሰው ፊት፣ ስሙን ሳይዝ፣ ይዞት ሄደ። ዛሬ ካሜራው በእጃችን ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚጎድል መዝገብ ቢኖር ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ለዚህ ነው ከፎቶው ጋር ስሙም ይቀመጥ የምለው። ሚሞሪው ቢጠበቅ፣ ሃርድ ዲስኩ በየጊዜው ቢታደስ፣ ቅጂው ደብረ ታቦር ቢደርስም፣ ማን መሆኑ ያልታወቀ ሰው ፎቶ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የማንም አይደለም። ፋሲካ ወይም መስቀል ላይ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ላፕቶፑን ክፈቱና አያቶቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። «ይሄ ማነው? ይቺስ የማን ልጅ ነች? የት አገር ነው?» እያላችሁ ጠይቁ፣ የሚሉትንም እዚያው በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት። የታተመ ፎቶ ከሆነ ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉበት። የጠፋን ፎቶ ፕሮግራም ሊመልሰው ይችላል፤ የተረሳን ስም ግን የሚመልሰው የሚያውቀው ሰው ብቻ ነውና በሕይወት ሳለ ይጠየቅ።